ጣሊያንን ያለ አስጎብኚ በባቡር መጓዝና በደንብ መብላት፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። ጠያቂው ከአዲስ አበባ፣ ከዋሺንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፦ «ለዐሥር ቀን ጣሊያን ልሄድ ነው። አስጎብኚ ድርጅት ሳልይዝ ከከተማ ወደ ከተማ እንዴት እሄዳለሁ? የት እበላለሁ? ጾም ላይ ብውልስ?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ። በምሳሌነት የወሰድሁት በሮም ገብቶ፣ ሮምንና ቦሎኛን ማደሪያ አድርጎ፣ በሮም ወይም በሚላኖ የሚወጣ የዐሥር ቀን ጉዞ ነው። ሌላ ከተማ ቢመርጡም የባቡሩም ሆነ የምግብ ቤቱ አሠራር ብዙ አይለይም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው ፓስፖርት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ደግሞ የሸንገን ቪዛ።
- ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን።
- በተለያየ ቦታ የሚቀመጡ ሁለት የባንክ ካርዶች፣ እንዲሁም በአነስተኛ ኖቶችና በሳንቲም የተመነዘረ ጥቂት ጥሬ ዩሮ። የጣቢያ መጸዳጃ ቤት ብዙ ጊዜ የሚከፈልበት ስለሆነ ሳንቲም ያስፈልጋል።
- ኢንተርኔት ያለው ስልክና ተጨማሪ የባትሪ መሙያ፤ ትኬትዎ ስልክዎ ውስጥ ስለሚሆን ባትሪ ማለቅ ትኬት እንደ መጥፋት ነው።
- አንዲት፣ ራስዎ አንሥተው ደረጃ የሚወጡባት ሻንጣ።
- ባዶ የውሃ ጠርሙስ።
- ነጠላ ወይም ስስ ሻርፕ። ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አያስገቡም።
- ከአሜሪካ ለሚመጡ የሶኬት መለወጫ። ከኢትዮጵያ የሚመጡ በቤታቸው የሚጠቀሙበት ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ቀጭን መሰኪያ በአብዛኛው ይገባል።
- በ9ኛው ደረጃ ላይ የተዘረዘሩት የጣሊያንኛ ቃላት የተጻፉበት ወረቀት።

1. ከተሞቹን ይቀንሱ

በመጀመሪያ ጉዞዬ በዘጠኝ ቀን አምስት ከተማ ለማየት አቅጄ ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ መሄድ በወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ይመስላል፤ ሻንጣ ማዘጋጀቱ፣ ክፍል ማስረከቡ፣ ጣቢያ መድረሱ፣ አዲሱን ማደሪያ መፈለጉና ክፍሉ እስኪሰጥ መጠበቁ ሲደመሩ ግን ቀኑ ያልቃል። በዚያ ላይ የምሳ ሰዓት መንገድ ላይ ያልፋል፤ ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ያለፈ የምሳ ሰዓት ተመልሶ አይገኝም።

ስለዚህ ሁለት ማደሪያ ብቻ ይያዙ፤ 4 ወይም 5 ሌሊት ሮም፣ የቀረውን ቦሎኛ። ቦሎኛን የምመክረው በርካታ የባቡር መስመሮች የሚገናኙባት ስለሆነች ነው። ሻንጣዎን ክፍል ውስጥ ትተው ጠዋት ወደ ሞዴና፣ ወደ ፌራራ፣ ወደ ፓርማ ወይም ወደ ራቬና በተራ ባቡር ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ፣ ቬኒስ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የማደሪያም ሆነ የምግብ ዋጋ ከፍሎረንስና ከቬኒስ ይልቅ የሚቻል ነው።

2. ቪዛውን ከዕቅዱ ጋር ያስማሙ

ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ቆንስላ ነው፤ ጉዞዎ በአብዛኛው ጣሊያን ከሆነ ለጣሊያን ያመልክታሉ። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ነው፤ ነገር ግን ቀጠሮ ማግኘት ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ እስከ ገደቡ መጠበቅ አደጋ አለው። ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ የአዋቂ ሰው ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ቪዛው እስኪገኝ ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ማደሪያ ብቻ ይያዙ፤ የማይመለስ የባቡር ትኬትም አይግዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪዛዎ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ፣ በመሃል ለንደን ያለ ዘመድ ልጠይቅ ብለው ከሸንገን ከወጡ ተመልሰው አይገቡም።

3. ሰዓቱንና ቀኑን አስቀድመው ይለውጡ

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ባቡር ያመለጣቸው ወገኖች የሚነግሩኝ ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የጣሊያን ባቡር የሚጠቀመው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፦ 06:15 ማለት ከንጋቱ 12:15፣ 14:30 ማለት ከቀኑ 8:30፣ 18:50 ማለት ከምሽቱ 12:50 ነው። ስልክዎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳይ ከሆነ ለጉዞው ጊዜ ይለውጡት፤ በሁለት አቆጣጠር መካከል በልብ ማስላት በድካም ሰዓት ያሳስታል። ጣሊያን በበጋዋ ከኢትዮጵያ በ1 ሰዓት፣ በክረምቷ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ቀንም እንዲሁ ነው። 05/08 ጣሊያን ውስጥ ኦገስት 5 ነው እንጂ ሜይ 8 አይደለም፤ ከአሜሪካ የሚመጡ በተለይ ያስተውሉ። በኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ ያሰቡትን ቀን ትኬት ከመግዛትዎ በፊት ወደ ጎርጎርዮሳዊው ቀይረው ወረቀት ላይ ይጻፉት።

4. ማደሪያ ይያዙ

ሮም ውስጥ ከሜትሮ ጣቢያ፣ ቦሎኛ ውስጥ ከዋናው የባቡር ጣቢያ በእግር 15 ደቂቃ በማይበልጥ ርቀት ይያዙ፤ በየቀኑ ሁለቴ የሚሄዱበት መንገድ ነውና የርቀቱ ልዩነት በሳምንቱ መጨረሻ በእግርዎ ይታወቃል። በክፍያ ማረጋገጫው ላይ ከተጻፈው ዋጋ ሌላ የከተማ ግብር በሰውና በሌሊት ተሰልቶ ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ በቦታው የሚጠየቅ ሕጋዊ ክፍያ ስለሆነ ተጭበረበርሁ ብለው አይከራከሩ። ማደሪያው ፓስፖርትዎን የሚመዘግበውም የእንግዶችን ዝርዝር ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ሕግ ስለሚያስገድደው ነው። ምዝገባው ካለቀ በኋላ ግን ፓስፖርቱን ተቀብለው ይሂዱ።

5. የባቡሩን ዓይነት ለይተው ትኬት ይግዙ

ጣሊያን ውስጥ ሁለት ዓይነት ትኬት አለ፤ ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው የጉዞውን ግማሽ ተረድቷል።

የመጀመሪያው የፈጣን ባቡር ትኬት ነው። ፍሬቻሮሳ የሚባሉት የመንግሥቱ የትሬኒታሊያ ባቡሮችና ኢታሎ የሚባለው የግል ኩባንያ ባቡሮች በአንድ መስመር ይወዳደራሉ። ሁለቱንም አወዳድረው ይግዙ፤ የአንዱ ትኬት በሌላው ባቡር አያስገባም። ትኬቱ ለአንድ ባቡር፣ ለአንድ ሰዓትና ለአንድ መቀመጫ የተሰጠ ነው፤ ዋጋውም እንደ አውሮፕላን ትኬት ቀኑ ሲቀርብ ይጨምራል። ስለዚህ ከሮም ቦሎኛ ለመሄድ (2 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው) ቪዛው እንደተገኘ ወዲያውኑ መግዛት ከሙሉ ዋጋው ከግማሽ በታች ሊያስከፍል ይችላል። የርካሹ ትኬት ችግር የማይለወጥ ወይም የማይመለስ መሆኑ ነው። ከአውሮፕላን በወረዱበት ዕለት ለሚሄዱበት ባቡር ርካሹን አይግዙ፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ ትኬቱ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ሬጆናሌ የሚባለው የተራ ባቡር ትኬት ነው። ዋጋው በርቀት የተወሰነ ስለሆነ ዛሬ ቢገዙም ከወር በፊት ቢገዙም አንድ ነው፤ የመቀመጫ ቁጥር የለውም፤ አይሞላብዎትም። ከቦሎኛ ሞዴና ጥቂት ዩሮ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ መግዛት ትርፍ የለውም፤ የአየሩን ሁኔታ አይተው በዕለቱ ጠዋት ይወስኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ የተራ ባቡር የወረቀት ትኬት ከመሳፈርዎ በፊት በጣቢያው ግድግዳ ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን መመታት አለበት። ማሽኗ ቀንና ሰዓት ታትምበታለች፤ ያልተመታ ትኬት በሕግ ዐይን ለነገ ሊያገለግል የሚችል ትኬት ስለሆነ ተቆጣጣሪው ትኬት እንደሌለው ሰው ይቀጣዎታል፤ «አላወቅሁም» ማለትም አያድንም። ማሽኗ ከተበላሸች ተቆጣጣሪው ወደ እርስዎ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ራስዎ ሄደው ይንገሩት። ትኬቱን በስልክ ከገዙ ማሽኑ አያስፈልግም፤ በምትኩ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት በትኬቱ ላይ «ቼክ ኢን» የሚለውን ይጫኑ። የፈጣን ባቡር ትኬት ሰዓቱ አስቀድሞ ስለተወሰነ ከሁለቱም ነጻ ነው።

ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ሮም ሁለት የባቡር አማራጭ አለ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ በ14 ዩሮ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ (የሮም ዋና የባቡር ጣቢያ) ያደርሳል። ኤፍ ኤል 1 የተባለው ተራ ባቡር 8 ዩሮ ነው፤ ቴርሚኒ ግን አይገባም፤ በትራስቴቬሬ፣ በኦስቲየንሴና በቲቡርቲና ጣቢያዎች በኩል ያልፋል። ማደሪያዎ ለእነዚህ ከቀረበ 6 ዩሮውን ያተርፋሉ።

6. ጣቢያ ውስጥ

ከመነሻው 25 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ሰሌዳው ላይ «ፓርቴንሴ» የሚለው መነሻ፣ «አሪቪ» የሚለው መድረሻ ነው፤ የሚያዩት የመጀመሪያውን ነው። ሰሌዳው የሚጽፈው የባቡሩን የመጨረሻ ከተማ እንጂ እርስዎ የሚወርዱበትን አይደለም። ከሮም ወደ ቦሎኛ የሚወስድዎ ባቡር «ሚላኖ» ወይም «ቬኔዚያ» (ቬኒስ) ተብሎ ይጻፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚፈልጉት ትኬትዎ ላይ ያለውን የባቡር ቁጥር ነው። «ቢናርዮ» ባቡሩ የሚቆምበት መስመር ቁጥር፣ «ሪታርዶ» መዘግየት፣ «ካሮጻ» የፉርጎ ቁጥር፣ «ፖስቶ» የመቀመጫ ቁጥር ነው። የቢናርዮው ቁጥር ብዙ ጊዜ ባቡሩ ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚወጣው፤ በመጨረሻ ሰዓትም ይለወጣል። ቁጥሩን አይተው ከሄዱ በኋላም መስመሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ደግመው ያንብቡ።

ቦሎኛ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈጣን ባቡሮች ከሚጠቀሙባቸው መስመሮች መካከል ከ16 እስከ 19 ያሉት ከምድር በታች በጣም ጥልቅ ላይ ናቸው፤ ለመውረድ 10 ደቂቃ ይያዙ። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኦቬስት» (ምዕራብ) ወይም «ኤስት» (ምሥራቅ) የሚል ቃል ካለ ደግሞ መስመሩ በጣቢያው ጫፍ ላይ ያለ ሌላ መስመር ነው፤ «4» እና «4 ኦቬስት» አንድ ቦታ አይደሉም።

ቬኒስ የሚሄዱ ከሆነ ደሴቷ ላይ ያለው ጣቢያ ሳንታ ሉቺያ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሜስትሬ በየብስ ላይ ያለ ሌላ ከተማ ነው፤ «ቬኔዚያ» የሚል ጽሑፍ አይተው እዚያ አይውረዱ። ከ2024 ጀምሮ በጸደይና በበጋ በተወሰኑ ቀናት ውለው ለሚመለሱ ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ ስላለ፣ ከመሄድዎ በፊት ቀኑ ከእነዚህ አንዱ መሆኑን አይተው በኢንተርኔት ይመዝገቡ።

«ሾፔሮ» የሚለውን ቃል ካዩ የሥራ ማቆም አድማ ነው። አድማ አስቀድሞ ይታወጃል፤ በሥራ ቀናትም ከ06:00 እስከ 09:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 ያሉ የተራ ባቡሮች ዋና ዋና አገልግሎቶች በሕግ ይጠበቃሉ። ስለዚህ ቀኑን ከመሰረዝ ይልቅ መነሻዎን በእነዚያ ሰዓቶች ያድርጉ። ወደ አየር ማረፊያ የሚሄዱበት ቀን ከሆነ ግን ከአንድ ቀን በፊት ሌላ መንገድ ያዘጋጁ።

7. በከተማ ውስጥ

ሮም ውስጥ የ1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ትኬት ለ100 ደቂቃ በአውቶቡስ እንደፈለጉ፣ በሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ያስገባል። በሜትሮው መግቢያ የባንክ ካርድ አስጠግቶ ማለፍ ይቻላል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ መጠቀም፣ ቀኑን ሙሉም ያንኑ ካርድ መያዝ አለበት፤ አንዴ ካርዱን አንዴ ስልኩን ቢያስጠጉ ማሽኑ እንደ ሁለት ሰው ይቆጥርዎታል። የወረቀት ትኬት «ቲ» የሚል ምልክት ያለባቸው የሲጋራ መሸጫ ሱቆች ይሸጣሉ።

ኪስ አውላቂ በብዛት ያለው በቴርሚኒ፣ በሜትሮውና ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ነው። በትኬት ማሽን አጠገብ ሳይጠየቅ «ላግዝዎ» የሚል ሰው ሠራተኛ አይደለም፤ አመስግነው ይለፉት። መኪና መከራየት አልመክርም፤ የከተሞቹ መሃል ፈቃድ ለሌለው መኪና የተከለከለ ሲሆን ካሜራው የሚቀርጸው ቅጣት ከወራት በኋላ ቤትዎ ድረስ ይመጣል።

ውሃ አይግዙ። ሮም ውስጥ ወደ 2,500 የሚጠጉ «ናዞኒ» የሚባሉ የመንገድ ቧንቧዎች ቀን ከሌሊት ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ ያፈስሳሉ። የቧንቧውን አፍ በጣት ቢደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍዎ ይፈልቃል። «ኖን ፖታቢሌ» (የማይጠጣ) የሚል ጽሑፍ ካለበት ቧንቧ ግን አይጠጡ።

8. ቡና፣ ምሳና እራት

ቁርስ «ባር» በሚባለው ቡና ቤት ነው። ባንኮኒ ላይ ቆመው ሲጠጡና ተቀምጠው ሲስተናገዱ ዋጋው ሊለያይ ይችላል፤ በታወቁ አደባባዮች ላይ መቀመጥ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። በተጨናነቁና በጣቢያ ውስጥ ባሉ ቡና ቤቶች መጀመሪያ «ካሳ» በሚለው ቦታ ከፍለው ደረሰኙን ይዘው ወደ ባንኮኒው ይሄዳሉ፤ ደረሰኝ ሳይይዙ ባንኮኒው ላይ ቢጠብቁ ማንም አይመለከትዎትም፤ ንቀት ሳይሆን አሠራሩ ስለሆነ ነው። «ማኪያቶ» ብለው ሲያዝዙ የሚመጣው በወተት ጠብታ የተነካ ትንሽ ወፍራም ቡና ነው፤ እኛ ወተት የበዛበት ማኪያቶ የምንለውን የሚፈልጉ ከሆነ «ካፑቺኖ» ይበሉ። «ላቴ» ብቻ ካሉ ቡና የሌለው ወተት ይቀርብልዎታል።

ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ ያድርጉት። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ምሳ ላይ ብዙ ቤቶች ለሠራተኞች ብለው አነስ ባለ ቁርጥ ዋጋ («ሜኑ ፊሶ» ወይም «ፕራንሶ ዲ ላቮሮ») ያቀርባሉ፤ ያው ወጥ ቤት፣ ያው ምግብ ማታ የበለጠ ያስከፍላል። ሰዓቱ ግን ጥብቅ ነው፤ ምሳ ከ12:30 እስከ 14:30፣ እራት ከ19:30 በኋላ ነው። በመሃሉ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፤ በዚያ ሰዓት ክፍት ሆነው የሚጠብቁት በአብዛኛው ለጎብኚ ብቻ የሚሠሩት ናቸው። 13:00 ላይ ተቀምጦ መገኘት ያስፈልጋል።

ቤት ሲመርጡ ከትልቁ አደባባይ ሦስት አራት መንገድ ይራቁ። ምናሌው አጭርና በእጅ የተጻፈ ከሆነ፣ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከበሉበት ይግቡ። የምግብ ፎቶግራፍ በር ላይ ከተለጠፈና አንድ ሰው ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ከጠራ ይለፉ። ሮም ውስጥ የቴስታቾና የትሪዮንፋሌ ገበያዎች፣ ቦሎኛ ውስጥ ሜርካቶ ዴሌ ኤርቤና ከፒያሳ ማጆሬ ጎን ያለው ኳድሪላቴሮ ሰፈር ለምሳ አስተማማኝ ናቸው። እሑድ ገበያዎቹ በአብዛኛው ስለሚዘጉ ቅዳሜ ፍራፍሬና ዳቦ ይያዙ።

ምናሌው በተራ ሲነበብ «አንቲፓስቶ» መክፈቻ፣ «ፕሪሞ» ፓስታ፣ ሩዝ ወይም ሾርባ፣ «ሴኮንዶ» ሥጋ ወይም ዓሣ፣ «ኮንቶርኖ» አትክልት ነው። ሁሉንም ማዘዝ ግዴታ አይደለም፤ አንድ ፕሪሞና አንድ ኮንቶርኖ ለአንድ ሰው ይበቃል። በየከተማው የዚያን ከተማ ምግብ ይዘዙ፤ ወጥ ቤቱ በየቀኑ የሚሠራው እሱን ስለሆነ ትኩስ ነው። ቦሎኛ ላይ ታሊያቴሌ አል ራጉ (በሥጋ ስጎ የሚቀርብ ፓስታ) እና በመረቅ የሚቀርብ ቶርቴሊኒ (ሆዱ በሥጋ የተሞላ ትንሽ ፓስታ)፣ ሮም ላይ ካቾ ኤ ፔፔና ካርቦናራ የሚባሉት ፓስታዎች ናቸው።

እራትን ቀላል ያድርጉት። «ፎርኖ» የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እዚያም ዳቦ ቤት ነው፤ «ፒዛ አል ታሊዮ» ደግሞ በመቀስ ወይም በቢላ ተቆርጦ በሚዛን የሚሸጥ ፒዛ ነው። ሻጩ ቢላውን ሲያስጠጋ በእጅዎ መጠኑን ያሳዩት፤ ዝም ካሉ ሰፊ አድርጎ ይቆርጣል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ፍራፍሬ በፕላስቲክ ጓንት ይነሣል፤ በብዙዎቹም ራስዎ መዝነው ዋጋውን ይለጥፉበታል፤ ያለ ዋጋ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ከደረሱ ሰልፉን ትተው መመለስ ይኖርብዎታል።

9. ጾም ለሚጾሙና አሳማ ለማይበሉ

ጾም ላይ መሆንዎን ለማስረዳት አይድከሙ፤ «ቬጋኖ» ይበሉ፤ በየትኛውም ቤት ይታወቃል። ጥርጣሬ ካለዎት ይህን ወረቀት ያሳዩ፦ ሴንጻ ካርኔ (ሥጋ የሌለው)፣ ሴንጻ ፎርማጆ (አይብ የሌለው)፣ ሴንጻ ቡሮ (ቅቤ የሌለው)፣ ሴንጻ ላቴ (ወተት የሌለው)፣ ሴንጻ ዎቫ (እንቁላል የሌለው)፣ ሴንጻ ስትሩቶ (የአሳማ ስብ የሌለው)።

የጾም ምግብ በብዛት አለ። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። በዳቦ ቤት ፒዛ ሮሳ የሚባለው ሳልሳ የተቀባ ነው። ፓስታ አል ፖሞዶሮ፣ አራቢያታ እንዲሁም አሊዮ ኦሊዮ ኤ ፔፔሮንቺኖ (በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በሚያቃጥል በርበሬ) በየቤቱ ይሠራሉ፤ አይብ እንዳይነሰነስባቸው ሲያዝዙ ይናገሩ። ሮም ውስጥ ቺኮሪያ ሪፓሳታ የሚባለው በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ የሚጠበስ መራራ ቅጠል ጎመን ለለመደ አፍ ይስማማል፤ ካርቾፊ አላ ጁዲያ ደግሞ በዘይት እንደ አበባ ተከፍቶ የተጠበሰ አትክልት ነው። ፍሎረንስ ላይ ፋጆሊ አሉቼሌቶ የሚባለው በሳልሳ የተሠራ ነጭ ቦሎቄ አለ።

የሚያሳስቱት የሚከተሉት ናቸው። በቦሎኛ በእጅ የሚሠራው ትኩስ ፓስታ በእንቁላል የተቦካ ነው፤ ደረቁ ፓስታ ግን በአብዛኛው ዱቄትና ውሃ ብቻ ስለሆነ «ፓስታ ሴካ» ብለው ይጠይቁ። ሪዞቶ የሚባለው የሩዝ ምግብ መጨረሻ ላይ በቅቤና በአይብ ይታሻል። የሽምብራና የቦሎቄ ሾርባ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ወይም ትንሽ ዓሣ ሊገባ ይችላል። በቦሎኛ አካባቢ ፒያዲናና ክሬሸንቲና የሚባሉት ቂጣዎች እንዲሁም አንዳንድ ዳቦዎች በአሳማ ስብ ይቦካሉ።

አሳማ የማይበሉ ጓንቻሌ፣ ፓንቼታ፣ ፕሮሹቶ፣ ስፔክ፣ ሞርታዴላ፣ ላርዶና ስትሩቶ የሚሉትን ቃላት ይያዙ። ካርቦናራና አማትሪቻና በጓንቻሌ ነው የሚሠሩት፤ የቦሎኛ ራጉ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ይገባል፤ የቶርቴሊኒም ሆድ እንዲሁ። የሥጋ ወጦች ብዙ ጊዜ በወይን ጠጅ ስለሚሠሩ «ሴንጻ ቪኖ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ነሐሴ ላይ የሚሄዱ ሁለት ነገር ይገጥማቸዋል። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 እስከ 21 ሲሆን በመሃሉ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባለው የጣሊያን በዓል ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት የቤተሰብ ምግብ ቤቶች «ኪዩሶ ፔር ፌሪዬ» የሚል ወረቀት ለጥፈው ይዘጋሉ። በዚህ ወቅት ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ መያዝና ከሱፐርማርኬት መግዛት ይሻላል። እንጀራ የናፈቀ ሮም ላይ በቴርሚኒ ጣቢያ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶችን ያገኛል፤ ከጣቢያው ብዙም የማይርቀው የኤስኩዊሊኖ ገበያ ደግሞ በብዙ አገር ቅመም፣ እህልና ቅጠል የታወቀ ነው።

10. ሒሳብ ሲከፍሉ

ሒሳብ እስኪጠይቁ ድረስ አይመጣም፤ «ኢል ኮንቶ» ይበሉ። «ኮፔርቶ» የሚል ከ1 እስከ 3 ዩሮ በሰው ቢታከልና ምናሌው ላይ ከተጻፈ የተለመደ ነው። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። የካርድ ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በአገርዎ ገንዘብ?» ብሎ ከጠየቀ ሁልጊዜ ዩሮን ይምረጡ፤ ሌላውን ከመረጡ የምንዛሪ ተመኑን የሚወስነው ባንክዎ ሳይሆን ማሽኑ ያለበት ድርጅት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዓሣና ትልቅ ሥጋ ብዙ ጊዜ በ«ኤቶ» ማለትም በ100 ግራም ነው ዋጋቸው የሚጻፈው። 7 ዩሮ የሚል ዓሣ 600 ግራም ከመዘነ 42 ዩሮ ነው። አስተናጋጁ ዓሣውን ከመጠበሱ በፊት እንዲመዝንልዎና ዋጋውን እንዲነግርዎ ይጠይቁ። ከምግቡ ስም አጠገብ ያለች ኮከብ ምልክት ብዙውን ጊዜ በበረዶ የቆየ መሆኑን ታመለክታለች።

ደጋግመው የሚፈጸሙ ስሕተቶች

- ከሮም በሚነሣው አውሮፕላን ቀን ጠዋት ከቦሎኛ መነሣት። ባቡሩ ቢዘገይ አውሮፕላኑ አይጠብቅም፤ የመጨረሻውን ሌሊት ሮም ያድሩ፣ ወይም መጀመሪያውኑ በሚላኖ ማልፔንሳ የሚወጣ ትኬት ይግዙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ይበርራል።
- ትኬቱን በስልክ ብቻ መያዝ። ፎቶውን ለጉዞ ጓደኛዎ ይላኩ፤ የትኬቱን ኮድም ወረቀት ላይ ይጻፉ።
- ባቡር ሲዘገይ ዝም ብሎ መቅረት። በአውሮፓ ሕግ 60 ደቂቃ ለዘገየ የትኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ለዘገየ 50 በመቶ ይጠየቃል፤ ጥያቄው በኢንተርኔት ይቀርባል።
- ሻንጣን ከበር አጠገብ ትቶ ርቆ መቀመጥ። በየጣቢያው ሰው ስለሚወርድ ከሚያዩበት ቦታ ያስቀምጡት፤ በየጣቢያው ሲቆምም ዞር ብለው ይመልከቱት።
- የስርቆት ወይም የሕመም አደጋ ሲገጥም መጀመሪያ ወደ ማደሪያ መሮጥ። መጀመሪያ 112 ይደውሉ፤ ፓስፖርት ከጠፋ የፖሊስ ማስረጃ ይያዙ፤ ኤምባሲው ምትክ ሰነድ ለመስጠት ያንን ይጠይቃል።